ለሌለች ጓደኛ የጠየቅኩት ምክር

መጀመሪያ የከዳኝ የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው። ለሥራ ማልጄ ተነሥቼ ክዳኑን ልፈታ ብል ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ሕመም አልነበረውም፤ ዝም ብለው ደርቀዋል። ሙቅ ውሃ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ይዣቸው ስቆይ ተላቀቁና ነገሩን ረሳሁት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን መዝጋት ተውኩ። ለበሽታዬ ያገኘሁለት የመጀመሪያ መድኃኒት ይኸው ነበር።

ያኔ ቶሮንቶ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ካናዳ ባለሙያ በምትቀበልበት ፕሮግራም ነው የመጣሁት፤ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሙሉ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ድራፍቲንግ ሠርቻለሁ። መሐንዲሶቹ የሞነጫጨሩትን በልክ አድርጌ የማወጣው እኔ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ግን የካናዳ ልምድ የለሽም ተባልኩና መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ አንሶላ አጥፍ ነበር። ጣቶቼ ሲደርቁ የሳሙናው ኬሚካል ነው ብዬ ጓንት ገዛሁ። ጓንቱን ለማጥለቅም ጣት ያስፈልጋል።

የምኖረው ክሬሰንት ታውን በሚባል ሠፈር ከወንድሜ ከሳምሶን ጋር ነው። ሳምሶን ታክሲ ነጂ ነው፤ ከእኔ በፊት አሥር ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው፤ ሁሉን ነገር ከእኔ በፊት እንደሚያውቅም ያምናል። ጉልበቴንና የእጄን አንጓ ሲያመኝ ብርዱ ነው አለኝ። ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ሲቀር ውሃው ነው አለኝ። ጉንጮቼ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ግን ምክንያት አላገኘለትም።

አንድ እሑድ ጫማዬ አልገባ አለኝ። እግሬ አብጧል። ሽንቴ አረፋ አለው። መተንፈስ ከበደኝ። ሳምሶን ደግፎ ታክሲው ውስጥ አስገባኝ። ሆስፒታል ደም ወሰዱ። እንደገና ወሰዱ። አንዱ ሐኪም የሽንት ምርመራዬን አይቶ ሌላ ሐኪም ጠራ። ከዚያ በኋላ ፈገግ ያለልኝ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከኩላሊቴ በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱን የነገረችኝ ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም) አጭር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሉፐስ ነው» አለችኝ። «የሰውነትሽ መከላከያ ኃይል ራስሽን እየወጋ ነው። ኩላሊትሽ ጋ ደርሷል። ልናጠፋው አንችልም፤ ልንይዘው ግን እንችላለን። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ፤ መድኃኒቱን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ።»

ቃል ገባሁ። ፕሬድኒሶን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን፣ ማይኮፌኖሌት። ስማቸውን እንደ ዳዊት ደጋግሜ በቃሌ አጠናሁ። ዋጋቸውን የሰማሁ ዕለት ደግሞ ቃሌን በምን እንደምጠብቅ ጨነቀኝ። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ናት ያወጣችኝ። መሥራት ለማይችሉ ሕሙማን የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ፎርም ከሐኪሟ ጋር ሞልታ ላከችልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈቀደ። ከድጎማው ጋር የመድኃኒት ካርድ አለ፤ ፋርማሲ ሄዶ ካርዱን ማሳየት ነው። ለእኔ ዋናው ካርዱ ነበር። ያ ካርድ ኩላሊቴ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የእኛ ሰው ድጎማውን «ዲሳቢሊቲ» ነው የሚለው፤ ሲለውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሳምሶን ከሆስፒታል ሲያወጣኝ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ለመነኝ። ለማንም እንዳልናገር። ሐበሻ የሚበዛበት ጎዳና፣ ዳንፎርዝ ላይ ለአንድ ሰው የተነገረ ነገር በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ እናታችን ጆሮ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። እሱ ይህን አለ፤ እኔ ደግሞ ያላለውን ሰማሁት፤ ያላገባሁ ሴት ነኝ፣ የማይድን በሽታ አለባት መባሉ ለኋላዬ አይበጅም። ተስማማሁ። እንዲያውም እኔ ከሱ በለጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የማታ ሺፍት የምትሠራ ጤነኛ ሴት ሆንኩ። ቀን ቀን ቤት የምገኘው ለዚያ ነው።

ፕሬድኒሶን ፊት ያሳብጣል። ጉንጬ ሞልቶ ድቡልቡል ስል ቤተ ክርስቲያን ያገኙኝ ሴቶች «ካናዳ ተስማማሽ» ይሉኝ ጀመር። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። በጥፍሬ ቆሜ ነው የምላቸው፤ ተረከዜ አይረግጥም ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሽታው ቀስ በቀስ ተኛ፤ ፕሬድኒሶኑም እየተቀነሰ እየተቀነሰ ከሩብ እንክብል ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አሁንም እስከ ረፋድ አይታዘዙም፤ በወር ሦስት አራት ቀን ከአልጋ የማልነሣባቸው ቀኖች አሉ፤ በተረፈ ግን እንደ ሰው ከቤት መውጣት፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቀመጥ፣ አውቶቡስ ጠብቆ መሳፈር ቻልኩ። አንድ ቀን እዚያው ቤተ መጻሕፍት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የአንድ ኮሌጅ ወረቀት አየሁ፤ በኮምፒዩተር የሕንፃ ንድፍ፣ የሁለት ዓመት ትምህርት። እንግዶች የሚጎበኙበት ቀን ሄድኩና አንዱ መምህር ስክሪኑ ላይ አንድ ደረጃ ሲያዞረው ቆሜ አየሁ። እኔ ያንን ደረጃ በማስመሪያና በእርሳስ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ለመሥራት ማውዝ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ተቀምጦ ነው፤ ጠዋት ባይሆን ከሰዓት ይሠራል። ልቤ ደነገጠ። ከታመምኩ ጀምሮ በደስታ ሲደነግጥ የመጀመሪያው ነበር።

ደስታው አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ቆየ። እዚያ ስደርስ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ትምህርት ከጀመርኩ «መማር ከቻልሽ መሥራትም ትችያለሽ» ብለው ካርዱን ቢነጥቁኝስ?

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት ከበሽታው ይልቅ ያደከሙኝ ናቸው። መጠየቅ ነበረብኝ፤ እንዳልጠይቅ ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብያለሁ። መላ አገኘሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዳንፎርዝ ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ገባሁና ምስር እያስመዘንኩ «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አልኩ።

ባለሱቁ ጥሩ ሰው ነው። «ዌልፌር ናት ወይስ ዲሳቢሊቲ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ ዌልፌር ሥራ ላጣ ጤነኛ ሰው የሚሰጥ ነው፣ ደንቡም ሌላ ነው። እኔ ግን በጣም ካወቅኩ ይጠረጥረኛል ብዬ «እኔ እንጃ፣ ከመንግሥት ነው የምትቀበለው» አልኩት። «እንግዲያው ትምህርት ከጀመረች በነጋታው ይቆርጧታል፤ የባለቤቴን እኅት ቆርጠዋታል» አለኝ። ምስሩን ይዤ ወጣሁ። የባለቤቱ እኅት ሙሉ ጤነኛ ስትሆን ዌልፌር ላይ እንደነበረች የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት ጠየቅኩ። እሳቸው ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ወገባቸውን ተጎድተው ካሳ የሚቀበሉ ናቸው። ጓደኛዬ ሥራ ላይ ነው ወይ የተጎዳችው አሉኝ። ዝም ከምል ብዬ አዎ አልኳቸው። ጓደኛዬ ይኸው አሁን ወገቧንም ታመመች። እንዲያውም ትምህርቱን የሚከፍልላት የካሳው መሥሪያ ቤት ነው፣ ትጠይቅ አሉኝ። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፤ ከዚያ የእኔ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

ኢንተርኔት ልይ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መማር እንደሚቻል የሚናገር አራት ገጽ አገኘሁና አትሜ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ሳምሶን አንድ ቀን አንሥቶ አነበበውና ከላይ በትንሹ የተጻፈውን አሳየኝ፤ የሌላ ክፍለ ሀገር ደንብ ነበር፤ ከእኛ የአምስት ሰዓት አውሮፕላን መንገድ። የድጎማውን ቢሮም ደውዬ ነበር። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩና ሴትዮዋ አንሥታ የፋይል ቁጥሬን ስትጠይቀኝ ስልኩን ዘጋሁት።

የመጨረሻው ምክር የመጣው ከእትዬ ብዙነሽ ነው። እትዬ ብዙነሽ እኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከሕንፃው ያልገቡበት ቤት የሌለ፣ ፎርም የሚያስሞላ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክራቸው ሴት ናቸው። አሳንሰር ውስጥ አገኘኋቸውና ስለ ጓደኛዬ አጫወትኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ በሩን በእጃቸው ይዘው «ዝም ብላ ትማር» አሉኝ። «መንግሥት የሚያውቀው የነገሩትን ነው። አፏን ትያዝ።»

ሳምሶን ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ለሱ ትምህርቱ ራሱ ይቅር ነው። «አንቺ ልጅ፣ ድነሽ ተቀመጪ» አለኝ። «ያቺ ካርድ ከሄደች እኔ ሃያ አራት ሰዓት ብነዳ መድኃኒትሽን አልችለውም።» ሆኖም በፀደይ ወር፣ ለሱም ለቢሮውም ሳልናገር፣ ኮሌጁ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ መስከረም ላይ ይጀምራል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ መላውን ትቼ ወሬውን ብቻ ያዝኩ።

ሐምሌ ላይ ፖስታ መጣ። ከድጎማው ቢሮ። ወፍራም ነበር። አልከፈትኩትም። ደርሰውብኛል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዘጠኝ ቀን ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸጎጥኩት። እህል አልዋጥ አለኝ። መገጣጠሚያዎቼ እንደገና ማበጥ ጀመሩ። የጭንቀት ይሁን የበሽታው አላውቅም። በአሥረኛው ቀን ሳምሶን ፎጣ ሲፈልግ አገኘው።

ከፍቶ አነበበው። ስለ ትምህርት አንድም ቃል የለበትም። የሕክምና ክለሳ ይባላል፤ አሁንም ታማሚ መሆኔን ሐኪሜ በፎርም እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ነው። በተወሰነ ቀን ካልተመለሰ ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል ይላል። ከተሰጠኝ ጊዜ ላይ ዘጠኝ ቀን እኔ በልቻለሁ። እዚያው ተቀምጬ ስለ ምዝገባውም ነገርኩት። ሳምሶን አልጮኸም። ወረቀቱን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

በማግስቱ ፎርሙን ይዤ የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ሩማቶሎጂስቷን የማያት በስድስት ወር አንዴ ነው፤ በየጊዜው የሚያየኝ እሱ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ትሑት። ፎርሙን አየና ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረው። ባለፈው ዓመት የሄድኩባቸው ቀኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር የመጀመሪያው መስመር አንድ ዓይነት ነው። ታካሚዋ ደህና መሆኗን ትናገራለች። ታካሚዋ ደህና መሆኗን ትናገራለች።

«እኔ የምጽፈው የነገርሽኝን ነው» አለኝ። «ይህን ያየ ሰው ድናለች ይላል። ድነሻል?»

አፌ ላይ የመጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደህና ነኝ ልለው ነበር። የእኛ አገር ሰው እንዴት ነሽ ሲባል መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ አሁንም ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚያወጣው በሦስተኛው ነው፣ ያውም ጠያቂው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ። የካናዳ ሐኪም የሚጠይቀው አንዴ ነው፤ ከዚያ ይጽፋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጨዋነት የተናገርኩት ሁሉ በቀንና በሰዓት ተመዝግቦ ተቀምጦልኛል።

አልዳንኩም አልኩት። ሐኪሙም ይህ መዝገብ ላይ እያለ ፎርሙን ዛሬ አልሞላም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሽ አለኝ። ከመሳቢያው የአንድ ነፃ የሕግ ምክር ቢሮ ካርድ አውጥቶም ሰጠኝ። ሠፈራችን ውስጥ ነው፤ በአውቶቡስ በፊቱ ስንት ጊዜ አልፌ ሄጃለሁ፤ ሕግ የሚለውን ሳይ ወንጀል የሠራ ሰው የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር።

ደወልኩ። ያነሣችው ግሎሪያ የምትባል፣ በድምፅዋ ጠና ያለች የጃማይካ ሴት ናት። እኔም፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አልኳት። ጓደኛሽ የትኛውን ድጎማ ነው የምትቀበለው አለችኝ፤ ነገርኳት። ምን ሆና ነው አለችኝ፤ ሉፐስ አልኩ። ደብዳቤው መቼ ደረሳት አለችኝ፤ ቀኑን ነገርኳት። ፎርሙ የሚመለስበትን ቀን፣ የኮሌጁን ትምህርት፣ የመድኃኒቶቹን መጠን ሳይቀር ሳላቋርጥ ነገርኳት።

«ጓደኛሽን ማክሰኞ ጠዋት ይዘሻት ነይ» አለችኝ። «ደብዳቤዎቿን ሁሉ ታምጣ። መጀመሪያ የተፈቀደላት ዕለት የመጣውንም።»

ማክሰኞ ብቻዬን ገባሁ። ግሎሪያ ሁለት ወንበር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶውን ወንበር አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። አልገረማትም። ባዶውን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችና ደብዳቤዎቹን ከእጄ ተቀበለች። እኔ አለቀስኩ። የሆነውን ስነግራት ሳይሆን፣ ወረቀት ስታገላብጥ ነው ያለቀስኩት።

ያስረዳችኝ ነገር ሁለት ነው፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው። ክለሳው ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ መጀመሪያ ድጎማው የተፈቀደልኝ ዕለት የመጣው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደሚከለስ ተጽፏል። ያን ገጽ አላነበብኩትም ነበር፤ ተፈቅዷል የሚለውን ካየሁ በኋላ ማንበብ አቁሜያለሁ። ሁለተኛው፣ እኔ ባለሁበት ድጎማ ላይ ያለ ሰው መማር ይችላል። ክልክል አይደለም። ግን ማሳወቅ አለበት፤ የተማሪ ብድርና እርዳታ ካገኘም ማሳወቅ አለበት፤ እሱ ከሌላ ገቢ በተለየ ደንብ ነው የሚታየው።

«ችግር ውስጥ የሚያስገባሽ መማርሽ አይደለም» አለችኝ። «ሳትናገሪ መማርሽ ነው።»

እትዬ ብዙነሽን አምኜ መስከረም ላይ ክፍል ብገባ ኖሮ ያልነበረኝን ጥፋት በገዛ እጄ እሠራ ነበር።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት እንዴት እንደሆንኩ መጻፍ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ቤት ሄጄ «ጣቴ ትንሽ ይደርቃል» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት፤ አሁንም ማመስገኔ ነው። ቀደድኩት። ከሻንጣዬ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የድራፍቲንግ ማስመሪያ አወጣሁ። ጠዋት ስነሣ እጄን ለመጨበጥ እሞክራለሁ፤ ከመሀል ጣቴ ጫፍ እስከ መዳፌ ያለውን ክፍተት በሚሊሜትር እለካለሁ። ከሰዓት በኋላ እንደገና። ሠንጠረዥ አሰመርኩለት። የመጀመሪያው ጠዋት አርባ ሁለት ሚሊሜትር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት። ከአልጋ ያልተነሣሁበትን ቀን «አልተነሣሁም» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ስሜቴ መናገር የማፍር ሰው ስለ ልክ ሲሆን አላፈርኩም። ሳምሶን አንድ ጠዋት መጥቶ ማስመሪያውን ያዘልኝ፤ ቁጥሩን አነበበና ሠንጠረዡ ላይ ራሱ ጻፈው። ከታመምኩ ጀምሮ አብሮኝ ኖሮ ጠዋት እጄን አይቶት አያውቅም፤ ደብቄዋለሁ።

ሐኪሙ ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ጉልበቴን፣ አንጓዬን፣ ድካሜን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ በየጥያቄው ደግሞ ቆሞ ጠበቀኝ። ፎርሙን ሞላና ሠንጠረዡን አያይዞ ላከው። በዚያው ሳምንት ከግሎሪያ ቢሮ ሆኜ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የድጎማውን ቢሮ ደወልኩ። ስሜን ተናገርኩ። የፋይል ቁጥሬን ተናገርኩ። መስከረም ላይ ትምህርት እጀምራለሁ አልኩ። የስልክ ሠራተኛው በጽሑፍ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ ላክኩ። ግሎሪያ የሰውየውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንድጽፍ ምልክት ሰጠችኝ።

መጠበቅ ቀረ። ነሐሴ ሙሉ በቀን ሦስቴ የፖስታ ሣጥን እከፍት ነበር። ፖስተኛው በቀን አንዴ ብቻ እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም። መስከረም ገባ፣ መልስ የለም። የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጠዋት ሳምሶን መቅረት እንደሚሻለኝ እያሰበም በታክሲው ወሰደኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንሱ ልጆች ሞልተዋል። መምህሩ የተናገረውን ግማሹን አልሰማሁም፤ ምናልባት በዚህ ሰዓት ካርዴ ተሰርዞ ይሆናል እያልኩ ነበር።

መልሱ የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው። በዚህኛው ጊዜ ፖስታውን እዚያው ሣጥኑ ፊት ቆሜ ቀደድኩት። ድጎማው ይቀጥላል። ካርዱም ይቀጥላል። ለትምህርቱ በሌላ ወረቀት መልስ ሰጥተዋል፤ ማሳወቄን ተቀብለዋል፣ ለውጥ ሲኖር እንዳሳውቅ ይላል። ሁለቱንም ወረቀት እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩ። ሳምሶን ሲገባ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበና «ይኸው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ደግሞም የተሻለ ነው። የኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች ክፍል ጠዋት ጠዋት ያሉትን ክፍለ ጊዜዎች ወደ ከሰዓት አዘዋወረልኝ፤ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ሰጡኝ፤ ሙሉ ጊዜ መማር ሲከብደኝ የትምህርቱን ቁጥር የሚቀንሱበት መንገድ እንዳለ ነገሩኝና የሁለቱን ዓመት ትምህርት በአራት ዓመት ጨረስኩ። እናቴም ሰማች። ሌላ ሰው ሳይነግራት እኔው ነገርኳት፤ ደም ግፊቷ አልተነሣም፤ ስለት ተሳለች እንጂ። እትዬ ብዙነሽንም ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ጥፋት ላይ ሊጥሉኝ እንደነበረም በጨዋ ደንብ አስረዳኋቸው። እጄን ያዙና «ልጄ፣ ያቺን ጓደኛሽን እኔ ገና አሳንሰሩ ውስጥ አውቄያታለሁ» አሉኝ። «እንዳታፍሪ ብዬ ነው እንጂ።» እኔ እንዳላፍር እሳቸው እያወቁ እንዳላወቁ ሆኑ፣ እኔም ታምሜ እንዳልታመምኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሕሙማን፣ ይህንንም ጽሑፍ እንደ ወሬ ቁጠሩት። ደንብ ይለወጣል፤ የእኔ ጉዳይም የእናንተ አይደለም። የምትቀበሉትን ድጎማ ትክክለኛ ስም ከደብዳቤያችሁ ላይ አንብባችሁ በራሳችሁ ስም ጠይቁ። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ፣ የኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች ክፍል፣ የራሳችሁ ፋይል ያለበት ቢሮ፤ ከሦስቱ የሰማችሁት ከተስማማ እመኑት፤ ካልተስማማ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ በጣም መጥፎውን ጠዋት ንገሩት፤ እግዚአብሔር በዚያ አይቀየምም።

ሩማቶሎጂስቷን፣ ሽማግሌውን ሐኪሜን፣ ሶሻል ወርከሯን አመሰግናለሁ። ግሎሪያን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፤ ሳምሶን ግን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ታክሲው ውስጥ አስከፍሏት አያውቅም።

የማመሰግነው አንድ ሌላ ሰውም አለ። በሦስተኛው የትምህርት ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ሉፐሱ ተነሣ። ኩላሊቴ አልተነካም፤ ግን ሁለት ኮርስ መጣል ነበረብኝ። አልጋ ላይ እንዳለሁ፣ ማንንም ሳላማክር፣ የድጎማውን ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ስሜን ነገርኳት፣ ታምሜያለሁ አልኩ፣ ትምህርቴን ቀንሻለሁ አልኩ። ስትጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል።

«ጽፌዋለሁ» አለችኝ። «ሌላ ነገር አለ?»

አሰብኩ። ለማንም ያልተነገረ፣ የተሸጎጠ፣ የሚያስፈራኝ ነገር ፈለግኩ። አልነበረም። የለም አልኳት፣ ስሟን ጠይቄ ጻፍኩ፣ አመሰገንኳት፣ ከዚያ ከቀትር በፊት እንቅልፍ ወሰደኝ።